ያልተነፋው ቀይ ጃኬት

«እኔ ያየሁት ጃኬት ሰው ይዞ አይሰምጥም!» አለች ቢሌን ቅዳሜ ጠዋት፣ ኦክላንድ፣ ጀልባዎች የሚቆሙበት ማሪና ላይ ቆማ የምትሠራበትን የሽርሽር ጀልባ የላይፍ ጃኬቶች መደርደሪያ በመዳፏ እየመታች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ምላሷ ግን ከእሷ በፊት የተወለደ ይመስል ሁሌም ይቀድማታል።

ከሰዓት በኋላ ውሃ የበላቸው ጋሽ ወልደገርጊስ በዚያው ማሪና ሰማያዊ ሸራ ለብሰው ተጋድመው ነበር። ውሃ ሲነካው በራሱ መነፋት የነበረበት ቀይ ጃኬት እንደታጠፈ ደረታቸው ላይ ተለጥፏል።

እሑድ ሳይመሽ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያለው ሐበሻ ጥፋተኛውን አግኝቶ ጨረሰ። «ጃኬቱን የምትፈትሸው ያቺ ምላሰኛ ልጅ ናት አሉ!» ቢሌን ካስትሮ ቫሊ ለቅሶ ቤት ስትደርስ የሟቹ ሚስት እትዬ ጸሓይ ራሳቸው በሩ ላይ ቆሙ።

«አንቺ እዚህ ቤት አትገቢም።»

ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። ቢሌን አላለቀሰችም። ጥርሷን ነክሳ ደረጃውን ወረደች። ትንሽ ልጅ እያለች ከትምህርት ቤት የሚያመጧት እኚሁ ሰውዬ ነበሩ፤ አሁን ገዳያቸው ተብላ ልትቀር ነው? በፍጹም! አንድ ሰው የሆነ ነገር አድርጓል፤ ያንን ሰው ካገኘችው በጥርሷ ነው የምትበላው።

ሰኞ ከካውንቲው መርማሪ ተላከች፤ የወርቅውሃ ትባላለች። አጭር ናት፣ ጉንጯ ውስጥ ዝንጅብል አይጠፋም፤ ማዕበል ገና ሲያዩት የሚያዞራት ሴት። ጀልባው ላይ አልወጣም ብላ የእንጨቱ መተላለፊያ ላይ ታጣፊ ወንበር ዘርግታ ተቀመጠች። ውሃ የሚያዞራት ሰው የውሃ ሞት ልትመረምር! ሌላ ቀን ቢሆን ቢሌን ትስቅ ነበር።

«ጃኬቶቹን ፈትሸሻል?»

«ሁሉንም! አንድ በአንድ!»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ምልክት አላቸው። አረንጓዴ ከሆነ ኦኬ ነው፣ ቀይ ከሆነ ኦኬ አይደለም። የጋሼ አረንጓዴ ነበር። በእናቴ!»

የወርቅውሃ አልተከራከረቻትም። ቀዩን ጃኬት ከከረጢት አውጥታ ከውስጡ ጣት የምታህል የብረት ሲሊንደር ፈታችና እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ጃኬቱን የሚነፋው እዚህ ውስጥ ያለው ጋዝ ነው። ጫፉን እይው።»

ጫፉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ አለች።

«ተበስቷል። ድሮ ያገለገለ ባዶ ነው። አረንጓዴው የሚነግርሽ ማስፈንጠሪያው አለመነካቱን ብቻ ነው። ጋዙ ይኑር አይኑር አያውቅም።»

ቢሌን ሲሊንደሩን ገልብጣ አየችው። «ማለት… ሆን ብሎ በባዶ የቀየረው ሰው አለ?»

«ባዶዎቹን የት ነው የምትጥሏቸው?»

«ኋላ፣ ባልዲው ውስጥ። ማንም ያነሳል፣ የተቆለፈ ነገር የለም። ባስልኤል በየሳምንቱ ስለሚዘል ባዶ ሞልቷል።»

«ስለሚዘል?»

ቢሌን አስረዳቻት። ይህን ጀልባ የሚሳፈረው አብዛኛው ሐበሻ ነው፤ ሐበሻ ደግሞ ውሃ ይፈራል። በአዘቦት ሚልፒታስ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የሚሠራው ባስልኤል ቅዳሜ ቅዳሜ ከመነሳታቸው በፊት ጀልባው ጫፍ ላይ ይቆምና «እኔ ዋና አልችልም፤ እዩኝ!» ብሎ ይዘላል። ጃኬቱ ቡፍ ይላል፣ ባስልኤል ይንሳፈፋል፣ እናቶች እልል ይላሉ። ከዚያ በኋላ ጃኬት አንለብስም የሚል የለም።

«እውነት ዋና አይችልም?»

«ድንጋይ ነው።»

የወርቅውሃ ዝንጅብሏን ማኘክ አቆመች። «የሚዘልበት ጃኬት የትኛው ነው?»

«ይሄው ቀዩ። አዲስ እሱ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሟቹ ላይ ምን ይሠራል?»

«ጋሼ ዘግይተው መጡ። የቀረው ጃኬት ሁሉ የነተበ ነው። ባስልኤል የራሱን አውልቆ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ‹ጋሼ፣ አዲሱ ለትልቅ ሰው ነው› አላቸው። ‹አይሆንም፣ አይሆንም› ሲሉ ቆይተው ለበሱ። ከዚያ ካፒቴናችን ክብሮም ከመሪው ላይ ‹ቀዩን መልሱለት፣ ጋሼ ሌላ ይልበሱ› ብሎ ጮኸ።»

«እና?»

«እኔ ነኛ ልኩን የነገርኩት!» ቢሌን ደረቷን ነፋች። «‹ትልቅ ሰው ታስወልቃለህ? አታፍርም?› አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀበት። ዝም ብሎ ሞተሩን አስነሳ። የዚያን ቀን ዝላይ ቀረ።»

የወርቅውሃ ያለምዘውድን ጠራች፤ ቲኬት የምትቆርጠው የካፒቴኑ ሚስት ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ትልቁ ፌሪ መርከብ አጠገባችን አለፈና ማዕበሉ መታን» አለች። «ጋሼ ኋላ ቆመው ፎቶ ሊነሱ ነበር። ወደቁ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ጠበቅኩ።»

«ምኑን?»

«ጃኬቱ እስኪነፋ ነዋ! በየሳምንቱ አየዋለሁ እኮ። ቡፍ ይላል፣ ሰው ይንሳፈፋል። ቆሜ… ጠበቅኩ።»

ባስልኤልም ያንኑ ተናገረ፤ እሱማ ባሰበት። «ሳቅኩ እንኳ! ‹ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ዘለሉልኝ› አልኩ። አፌን በቆረጠው!»

ቢሌን እዚያው ገነፈለች። «ምን ታለቅሳለህ? ሲሊንደር የምትቀይረው አንተ! ያለበስካቸው አንተ! በመርማሪዋ ፊት አታልቅስብኝ፣ ውሸታም!»

«እኔ ጋሼን? አንቺ ልጅ፣ ያምሻል?»

«ተዪው» አለች የወርቅውሃ። «አንቺስ ሲወድቁ ምን አደረግሽ?»

ቢሌን ድምፅዋ አነሰ። «እኔም ጠበቅኩ።»

የመጨረሻው ክብሮም ነበር። ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ለቅሶ ቤት ትከሻውን ያልሳመ የለም፤ ተከትሏቸው ውሃ ውስጥ የገባ ብቸኛው ወንድ እሱ ነውና። ቢሌንም ብትሆን ከዚያ ሁሉ ፈሪ መሃል የምታከብረው እሱን ነበር።

«አላሰብኩም» አለ። «ገና ሲንገዳገዱ ነው መሪውን ለቅቄ የሮጥኩት። ውሃውን አብረን የነካን ያህል ነው።»

«ሞተሩ እየሠራ?»

«የሰው ነፍስ ነው እኮ፣ እትዬ!»

«ጀልባው ጥሏችሁ ሄደ?»

«ሄደ። ባስልኤል እስኪያዞረው… ውሃው በረዶ ነው። እጄ ላይ ነው የደከሙት።» ፊቱን ሸፈነ። ቢሌንም ዓይኗን ጠረገች።

በማግስቱ የወርቅውሃ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። እትዬ ጸሓይ ጥቁር ለብሰው መጡ፣ ቢሌንን ላለማየት ወደ ውሃው ዞረው ቆሙ። ሁለት ፖሊሶች የማሪናውን በር ተደግፈዋል።

«ጋሽ ወልደገርጊስን የሚጠላ ሰው ፈለግኩ፣ አላገኘሁም» ብላ ጀመረች። «ቢኖርም ያን ጃኬት እንደሚለብሱ ማንም አያውቅም ነበር። እሳቸው ላይ የደረሰው በአክብሮት ነው። ስለዚህ ባዶው ሲሊንደር የተዘጋጀው ለጃኬቱ ባለቤት ነው፤ ዋና ሳይችል በየሳምንቱ ፈቅዶ ለሚዘለው።»

ባስልኤል ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ለእኔ?»

«ለአንተ። አንተ ቀይረኸው ቢሆን ደግሞ ራስህ ለብሰኸው አትመጣም ነበር። ማን ቀየረው? ባልዲው ክፍት ነው፤ ከዚህ መንገድ የትም አልደርስም። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩ። አዛውንቱ ሲወድቁ ምን አደረጋችሁ?» ወደ ያለምዘውድ ዞረች። «አንቺ?»

«ጠበቅኩ።»

«ባስልኤል?»

«ጠበቅኩ።»

«ቢሌን?»

«ጠበቅኩ አልኩ እኮ!»

«ያፈራችሁበት መጠበቅ ነጻ ያወጣችኋል። ጃኬቱ ይነፋል ብሎ ያመነ ሰው ይጠብቃል። እንደማይነፋ የሚያውቅ ብቻ አይጠብቅም።»

ሁሉም ዓይን በፋሻ ወደታሰረው ክንድ ዞረ።

«እትዬ፣ ሰው በማዳኔ ነው የምከሰሰው?» አለ ክብሮም።

«ካፒቴን ነህ። ሞተር እየሠራ መሪ የሚለቅ ካፒቴን የለም፤ ያውም የለበሱት ጃኬት የሚነፋ ከሆነ። ጀልባውን አዙረህ ታነሳቸው ነበር። አንተ ግን ገና ሲንገዳገዱ ሮጥክ። ከዚያ በፊትም ቀዩን ልታስወልቃቸው ሞክረሃል፤ ይህች ልጅ አሳፍራ አስቀመጠችህ።»

የቢሌን ደረት ሟሸሸ። ያ ሁሉ ኩራቷ!

«ሰውዬው ያን ነገር ለብሰው ኋላ ሲቆሙ እያየህ ነዳህ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ‹ጃኬቱ ተበላሽቷል› ማለት። ግን በምን አወቅክ ይሉሃል። በሽማግሌ ነፍስ ቁማር…»

«ለጋሼ አልነበረም!» ብሎ ጮኸ ክብሮም።

«ታዲያ ለማን ነበር?» አለ ባስልኤል በቀስታ። ራሱ መለሰው። «አርብ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስጄ እዚህ ስሠራ መሪው ሥር የመጠጥ ጠርሙስ አገኘሁ። ሕፃናት ጭነን ነበር የዋልነው። ‹ሰኞ ለባሕር ጠባቂዎቹ ለኮስት ጋርድ ኮል አደርጋለሁ፣ የካፒቴን ላይሰንስህን ይቀሙሃል› አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ‹ልክ ነህ፣ እስከ ሰኞ ታገሠኝ› አለኝ። እኔ ጅል አቀፍኩት!»

ያለምዘውድ የባሏን ደረት በሁለት እጇ ገፋችው። «አንድ ቃል አጣህ? ለቅሶ ቤት ገብተህ ትከሻህን ስታስስም አላቃጠለህም?»

ክብሮም ቀና አላለም። ፖሊሶቹ ክንዱን ይዘው ሲያልፉ እትዬ ጸሓይ ዞሩ።

«እኔም ስሜሃለሁ» አሉት። «ሳምኩህ!» ድምፃቸው የተቀደደ ጨርቅ ይመስል ነበር። ማሪናው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ቢሌን ግን ዝም ማለት የት ታውቅና! ከሦስት ቀን በኋላ አየር ያገኘች መሰላት፤ ወደ እትዬ ጸሓይ ሮጠች።

«እትዬ፣ አላልኩም? እኔ አይደለሁም አላልኩም? ቀዩ አረንጓዴ ነበር! መልሱለት ማለቱንም የተናገርኩት እኔ ነኝ! ከእኔ ዓይን ምንም አያመልጥም! ሁሉን አይቻለሁ!»

እትዬ ጸሓይ ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት። ነጠላቸውን አጥብቀው የመኪናቸውን በር ከፈቱ።

«አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ሁሉን አየ፣ እጅሽ ግን አንዱንም አልነካ። በይ ግቢ፤ ለቅሶ ቤት የሚታጠብ ሰሃን ሞልቷል።»