ሮይስ እጁን ያተመበት ጥግ

ይህ የሆነ ነገር ነው። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ግቢዬ፣ ፀሐይ ወጥታ የሆነ።

ሥራዬ ኮንክሪት መመርመር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከድልድይና ከሕንፃ ናሙና እየወሰድኩ ጥንካሬውን ስለካ ኖሬያለሁ። ያልለካሁትን አልናገርም። እዚህ የምታነቡት ቁጥር ሁሉ ከማስታወሻ ደብተሬ የተገለበጠ ነው።

ሜይ 14፣ 2024፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን፣ ከሐይቁ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ያለው ቤታችን።

አሮጌው የመኪና መግቢያ ከመፍረሱ በፊት እንዲህ ነበር። ርዝመቱ አሥራ ሁለት ሜትር፣ ስፋቱ አምስት። ሰባት ትልልቅ ስንጥቆች አሉት። ጋራዡ በር ላይ ሦስት ሴንቲሜትር ሰምጧል፤ ሲዘንብ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል።

ስንጥቅ ያልነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በመንገዱ በኩል፣ በስተግራ ያለው ጥግ።

እዚያ ጥግ ላይ የልጅ ቀኝ እጅ ታትሟል። ከሥሩ በሚስማር ተጽፏል፤ «ሮይስ፣ ኦገስት 1979»።

በእኛ ሰፈር አዲስ ኮንክሪት ሲፈስ፣ ሳይደርቅ የልጆች እጅ ይታተምበታል። የሌለበት ቤት የለም ማለት ይቻላል።

ሮይስ እጁን ባተመ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ስድስት ዓመቱ ነበር። ሐይቁ ወሰደው ተባለ። ሬሳው አልተገኘም።

እናቱ ወይዘሮ ቨርና ቤቱን ለእኛ ሸጠው ፊት ለፊት ካለችው ትንሽ ቤት ገቡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በየጠዋቱ መንገዱን ይሻገራሉ፣ ቀስ ብለው ይንበረከካሉ፣ መዳፋቸውን በዚያች ትንሽ እጅ ላይ ያሳርፋሉ።

ከልጃቸው የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት።

ቤቱን ስንገዛ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቁን።

«ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ያቺን እጅ ግን አደራ።»

«አደራዎን ተቀብያለሁ» አልኩ።

እቅዴ ቀላል ነበር። ጥጉን ስልሳ በስልሳ ሴንቲሜትር አድርጌ በመጋዝ ቆርጬ፣ ሳይሰበር አንስቼ፣ አዲሱ ኮንክሪት ውስጥ መልሼ መትከል። የአሮጌውን ውፍረት ሦስት ቦታ በስቼ ለካሁ። አሥር፣ አሥር፣ አሥራ አንድ ሴንቲሜትር። መጋዙን አሥራ ሁለት ላይ አደረግኩት።

ሥራውን የያዘው የሚስቴ ወንድም ቦይድ ነው። የመኪና መግቢያ ማፍሰስ እንጀራው ነው።

ቆረጥን። ብረት አስገብተን ልናነሳው ሞከርን...

ንቅንቅ አላለም።

«ፕሮፌሰር፣ አሥር ሴንቲ ነው አላልክም?» አለ ቦይድ። ሲያሾፍብኝ እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

«ሦስት ቦታ ለክቻለሁ።»

«ጥጉንስ?»

ጥጉን አልለካሁትም። እጁ እንዳይጎዳ ብዬ መሰርሰሪያ አላስጠጋሁበትም። በሥራዬ እንዲህ ያለ ስህተት የሠራን ሰው እኔው ራሴ ከምድብ አስነስቼ አውቃለሁ።

«ቆይ፣ በቁፋሮ ማሽኑ ገፋ ላድርገው» አለ ቦይድ።

«ቀስ...»

ጧ!

ስብራቱ በመዳፉ መሃል አለፈ። አውራ ጣቱ ለብቻው ቀረ።

ከሥር የቀረውን ለማየት ከጎኑ ቆፈርኩ። ሜትሩን አወረድኩ። ሃያ... አርባ... ስልሳ ሴንቲሜትር። ኮንክሪቱ አላለቀም።

ቦይድ ሳቀ። «ሰውዬው ምን ነክቶት ነው? መኪና ሊያቆምበት ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራበት?»

ሰውዬው ያለው የወይዘሮ ቨርናን ባል፣ መርልን ነው። መግቢያውን በገዛ እጁ ያፈሰሰው እሱ ነበር። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

መዶሻዬን አነሳሁ። ደረቅ ኮንክሪት ሲመታ በድምፁ ይታወቃል። ድፍኑ ይጮኻል፤ ባዶው ያጉረመርማል።

ሦስት ጊዜ መታሁት።

ባዶ ነው።

ሦስት ጊዜ ነው የመታሁት... አራት ድምፅ ሰማሁ።

ቦይድ ሳቁን አቆመ። «አስተጋብቶ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«እንደገና ልምታው?»

«አይ... ተው። ተው በቃ።»

ኮንክሪቱን የሚያመጣው ሚክሰር ለማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ታዝዟል። ያንን ጉድ እንስበር ብንል የሁለት ቀን ሥራ ነው። ቦይድ ላቡን ጠረገ። «ከዚህ የተሻለ መሠረት የት ታገኛለህ? እንዳለ እንተወው፤ ላዩ ላይ እናፍስበት።»

እሺ አልኩ።

አሮጌው ኮንክሪት እኛ ዘንድ አይጣልም። ተፈጭቶ ለአዲሱ ጠጠር ይሆናል፤ ከሥር ተነጥፎ ይጠቀጠቃል። የሮይስም እጅ አብሮ ተፈጨ። አብሮ ተነጠፈ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ቨርና ተሻግረው መጡ።

«ደህና ወጣ?»

«ደህና ወጥቷል። ጋራዥ ውስጥ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ።»

«ልየው?»

«አሁን አቧራ ነው፣ እማማ። ቦታው ሲገባ ያዩታል።»

ወደ ጋራዡ ዞር እንኳ አላሉም። የሚያዩት ጥጉን ነበር።

«ከሥሩ ምን ነበረ?»

«አፈር።»

ዱላቸውን ወደ ጥጉ ጠቆም አድርገው፣ «መርል እዚያ ጋ አበባ እንድተክል እንኳ ፈቅዶልኝ አያውቅም» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ሚክሰሩ በሰዓቱ ደረሰ። የፌሮ ብረቱ ተዘርግቶ፣ የዳሩ እንጨት በውሃ ልክ ተስተካክሎ ጠበቀው። ውፍረቱን እንደገና ዘጠኝ ቦታ ለካሁ፤ ጥጉንም ጨምሬ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፈስሶ፣ ተስተካክሎ፣ እንዳያዳልጥ በመጥረጊያ ተሰምሮ አለቀ።

አራት ሰዓት ከአርባ። ከቦይድ መኪና ኋላ ተቀምጠን ሳንድዊች እየበላን ነው። በሁለት ቤት ርቀት ላይ አንድ ሰው ሣር ያጭዳል።

ቦይድ ማኘኩን አቆመ።

«ማን ነካው?»

«ምኑን?»

«ጥጉን...»

ሄድን። የመጥረጊያው መስመሮች ቀጥ ብለው መጥተው፣ ጥጉ ላይ ሲደርሱ ጎብጠዋል። የእንቁላል ያህል እብጠት። ቦይድ ተንበርክኮ በማለስለሻው ፍራታሶ አስተካከለው።

ቆመን አየነው።

ተመልሶ አበጠ።

«አየር ነው» አልኩ። «የታመቀ አየር።»

እንደገና አስተካከለው። እንደገና አበጠ። በሦስተኛው ቦይድ እጁን ሰበሰበና ፍራታሶውን ዘረጋልኝ።

«እኔ ከዚህ በኋላ አልነካውም።»

እኔም አልነካሁትም። ፕላስቲክ አለበስነው፤ ዳርዳሩን በጡብ ጫንነው።

ሐሙስ ጠዋት ፕላስቲኩን ገለጥኩ። ጡቦቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

እጅ ነበር።

ከላይ የተጫነ እጅ ይሰምጣል። ይሄ ግን በሦስት ሚሊሜትር ወደ ላይ ወጥቷል። ከአንጓ እስከ መሃል ጣት ጫፍ አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት ሴንቲሜትር። ከመፍረሱ በፊት የሮይስን እጅ ለክቼ ነበርና ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ።

አሥራ አንድ ነጥብ ሦስት።

ከኋላዬ የወይዘሮ ቨርናን ዱላ ሰማሁ። መጥተው ተንበረከኩና መዳፋቸውን አሳረፉበት።

«አደራዬን ጠበቅህልኝ...» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ይሞቃል።»

«አዲስ ኮንክሪት ሲጠነክር ይሞቃል፣ እማማ። የተፈጥሮው ነው።»

እውነቴን ነው፤ ይሞቃል። ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት።

ጁን 12፣ የኮንክሪት ጥንካሬ በሚለካበት በሃያ ስምንተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ቴርሞሜትር ይዤ ወጣሁ። መግቢያው አሥራ አራት ዲግሪ። እጁ... ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት።

ያን ጠዋት ወይዘሮ ቨርና ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንደተሰበረ፣ እንደዋሸኋቸው፣ ስልሳ ሴንቲሜትሩን፣ ባዶነቱን፣ አራተኛውን ድምፅ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር።

«መርል በዚያ ሳምንት ሲሚንቶ ሁለት ጊዜ ነው የገዛው» አሉ በቀስታ። «አንዴ ልጁ ሳይጠፋ። አንዴ ከጠፋ በኋላ። ከዚያ ጥግ ሥር ሲቆፍርም አየሁ... አልጠየቅኩም።»

ለቦይድ መስበሪያውን ይዞ እንዲመጣ ደወልኩለት። መጣ። መኪናውን አቆመ፤ ከመኪናው ግን አልወረደም። በመስኮቱ ጥጉን ያያል።

«ፕሮፌሰር... ስንት እጅ ነበር ያልከኝ?»

ዞር አልኩ።

ሁለት ሆኗል። ሁለተኛው ግራ እጅ ነው። በመካከላቸው ሠላሳ አንድ ሴንቲሜትር። ልጅ በጀርባው ተኝቶ፣ ከላዩ ያለውን ክዳን በሁለት እጁ ሲገፋ የሚሆነውን ያህል።

ወይዘሮ ቨርና ዱላቸውን በጥጉና በመኪናው መካከል አጋደሙት።

«አትስበሩት። አንዴ ሰብራችሁብኛል።»

«እማማ፣ ከሥሩ ካለ እኮ...»

«ራሱ ይወጣል።»

ቦይድ መኪናውን ወደ ኋላ አንቀሳቀሰና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳልኝም።

ለፖሊስ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። እጄን ያዙኝ። አያያዛቸው ጠንካራ ነበር።

«አርባ አምስት ዓመት ጠብቄያለሁ። አንድ ሳምንት ስጠኝ። ከዚያ ለፈለግከው ደውል።»

ሰጠኋቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበር አውጥተው ጥጉ ላይ ይቀመጣሉ። ጎንበስ ብለው ያወሩታል። ምን እንደሚሉት አይሰማኝም፤ አንዳንዴ ዝም ብለው ያዳምጡና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሚስቴ ካርላ መኪናዋን መንገድ ላይ ነው የምታቆመው። በፊት ለፊት በር መውጣት ትታለች።

እኔ በየጠዋቱ ውሃ ልኬን ይዤ እወጣለሁ። በሁለቱ እጆች መካከል ኮንክሪቱ ምን ያህል ከፍ እንዳለ እለካለሁ። የበረዶው ወራት ቢሆን ውርጭ መሬቱን ያነሳል፣ ኮንክሪቱም አብሮ ይነሳል እል ነበር። ግን ጁን ነው። የጠነከረ ኮንክሪት ደግሞ ሳይሰነጠቅ አይጎብጥም። አጉሊ መነጽር ይዤ በሆዴ ተኝቼ ፈልጌያለሁ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለም።

ሳምንቱ ነገ ያልቃል።

ሐሙስ፣ አራት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ቅዳሜ፣ ስድስት። ዛሬ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ፣ ወይዘሮ ቨርና መዳፋቸውን ከቀኙ እጅ ላይ ሳያነሱ ለካሁት።

አሥራ አንድ ሚሊሜትር።