የዘገየ እግር

ያን ምሽት ዲርክን በጥፊ ያላልኩት ሁለቱም እጆቼ የሌኖራ ቪክን ሰሌዳ ስለያዙ ብቻ ነው።

እኛ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የፕሬዚዳንት እጩ የምንመርጠው በእግራችን ነው። በጥር ብርድ የትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ እንሰበሰባለን፤ ለእያንዳንዱ እጩ አንድ ማዕዘን አለ፤ ጎረቤትህ እያየህ የወደድከው ማዕዘን ሄደህ ትቆማለህ። ከተሰበሰበው ሰው ከመቶ አስራ አምስት እጅ ያልሞላ ማዕዘን ይፈርሳል። ከመፍረሱ በፊት ግን ትንሽ ጊዜ ይሰጣል፤ ማንም ወደፈለገበት መሻገር ይችላል። ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ንቅንቅ የለም።

የእኛ፣ የሌኖራ ቪክ ማዕዘን፣ አንድ ሰው ጎደለው። አንድ።

ሌኖራ ቪክ የገጠር ሐኪም ነበረች። ከእጩዎቹ ሁሉ ስለ መጠጥ ውሃ ጉድጓዶቻችን ያነሳችው እሷ ብቻ ናት። ከእርሻው ማዳበሪያና ከአሳማው በረት የሚወርደው ነገር ውሃችን ውስጥ ገብቶ፣ የእህቴ ጨቅላ በዚያ ውሃ የተበጠበጠ ወተት ጠጥቶ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ሆስፒታል ሲገባ፣ ዲርክ ከእኔ ጋር ኮሪደር ላይ ቆሞ አልቅሷል። አሁን ያው ዲርክ፣ በሰኔ ላገባው ቀለበቱን ያሰርኩለት ሰው፣ ደረቱ ላይ ቢጫ ባጅ ለጥፎ ያሸንፋል የተባለውን እጩ ትልቅ ማዕዘን ያስተባብራል።

መጀመሪያ ሊያባብለኝ የመጣው መድኃኒት ሻጩ ሃርላን ነው፤ በሳህን ብስኩት ይዞ።

«እኔም ልቤ ከሷ ጋ ነው፣ የኔ ልጅ። ግን አታሸንፍም። ድምፅሽን ውሃ እንዳይበላው።»

«የእህቴንም ልጅ ሊበላው ነበር እኮ» አልኩት።

ብስኩቱን ይዞ ተመለሰ። ከሱ በኋላ ሌላ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ሁሉም ያንኑ ይላሉ፦ እወዳታለሁ፣ ግን አታሸንፍም። ደሜ ፈላ። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣሁ።

«ዛሬ እወዳታለሁ ግን አታሸንፍም ያላችሁኝ ሁሉ፣ እስኪ እጃችሁን አውጡ!»

ሃርላን አወጣ። ቀስ በቀስ ሌሎቹም አወጡ። አዳራሹን ያየ ሰው ሴትዮዋ አሸንፋለች ይል ነበር። እግሩን ያነሳ ግን አልነበረም። እነዚህ ሰዎች የሚፈሩት እርስ በርሳቸው ነው፤ አንዱ ሌላው እስኪነሳ ይጠብቃል።

ዲርክ እጁንም አላወጣም። አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማሪት፣ ውረጂ። በቃ፣ እኛ ጋ ነይ። ሰው እያየን ነው።»

«አንተም ትወዳታለህ።»

«እወዳታለሁ። ምን ዋጋ አለው? የማይሆን ነገር ላይ ሙጭጭ ማለት…»

«ፋብሪካው ሲያባርርህ፣ ከተማው የአባትህን ጠጪነት ሲያወራ፣ እናቴ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?»

«እዚህ አይደለም፣ ማሪት።»

«እዚሁ ነው። ‹ይሄ ልጅ የትም አይደርስም፣ ዕድሜሽን አታባክኚ› ነው ያለችኝ። የማይሆነው ነገር አንተ ነበርክ። እኔ ግን የሚያሸንፈውን ቆጥሬ አልመጣሁም፤ መጥቼ አጠገብህ ቆምኩ።»

ዓይኑን አየሁት። ጫማውን አየ። ከዚያ ዞሮ ወደ ማዕዘኑ ተመለሰ። ከዘለፋ ሁሉ በላይ ያ ጀርባው አመመኝ። ቀለበቱን በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤ በብርዱ ጣቴ ኮስሶ ስለነበር በቀላሉ እስከ ጣቴ ጫፍ ተንሸራተተ።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አግነስ ፊሽካዋን ነፋች።

«የሌኖራ ቪክ ማዕዘን አልሞላም። ፈርሷል።»

ይሄኔ ዲርክ ባጁን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። በቅርጫት ኳሱ ሜዳ መሃል፣ የከተማው ሰው ሁሉ እያየው፣ እናቴም እያየችው፣ ወደ እኔ መጣ።

«ሰዓቱ አለፈ እኮ፣ ልጄ» አለች ወይዘሮ አግነስ። «ተመለስና እዚያው ልቁጠርህ።»

«እዚህ ቁጠሪኝ።»

«እዚህ የሚቆጠር የለም።»

«ገብቶኛል። እዚህ ነኝ።»

ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ማዕዘናችን ይቆም ነበር። ይሄን እያወቅሁ እንዴት ልሳቅለት? ቀለበቱን ወደ ቦታው መለስኩና የሰሌዳውን አንድ ጫፍ አስያዝኩት።

«ዘገየህ።»

«አውቃለሁ።»

በሰኔ አገባሁት። ንዴቴ ዛሬም አልበረደልኝም፤ የጉድጓዱ ውሃም ገና አልጠራም። ድምፅ ባከነ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ግን አንድ ነገር እነግረዋለሁ። ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ ማሸነፍ የሚችል ድምፁን እያወቀ የጣለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጣለውም ለእኔ ነው።