የግራው ግድግዳ

ስኳሽ ኳስን በራኬት ከግድግዳ ጋር እያጋጩ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ በዚያ ዓመት የኮሌጁ የሴቶች ስኳሽ ቡድን እስከ ፍጻሜው ድረስ ሰባት ጊዜ ተጋጥሞ ሰባቱንም አሸነፈ። ድሮ የቡድኑን ስም የሚያነሳ ሰው ቢኖር ሊስቅበት ብቻ ነበር። አሁን ግን ሰው እየተጋፋ ያያቸው ጀመር። የምግብ ቤቱ አሳላፊ እንኳ ሲያያቸው ጭልፋውን ጠለቅ ያደርግላቸዋል።

የየቡድኑ አምስት ተጫዋቾች ተራ በተራ ይጋጠማሉ፤ ሦስት ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ድሉ የእሱ ነው። ሁለት ለሁለት ከሆኑ ነገሩ ሁሉ የሚወድቀው የመጨረሻዋ ተጫዋች ላይ ነው። እሷም ቁንጫ ትባላለች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ከግድግዳ ግድግዳ ስትዘል ግን የሚይዛት የለም።

ቡድኑ አንድ ምስጢር ነበረው። በመጫወቻ ክፍላቸው የግራ ግድግዳ ላይ አንድ ቦታ ልስኑ ከውስጥ ለቋል። ለዓይን ምንም አይታይም። ኳስ ሲያርፍበት ግን በመንጠር ፈንታ ሙት ብሎ ይወድቃል። እንግዳ ቡድን ይህን ከየት ያውቃል?

እዚሁ ክፍል ውስጥ ለሚደረገው ፍጻሜ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ኮሌጁ የክፍሉን ስንጥቆች የሚጠግን አንድ ወጣት ግንበኛ ቀጠረ። የቡድኑ አምበል ቁንጫን ጥግ አስያዘቻት።

«አንቺ አፍሽ ማር ነው። ቅረቢውና አጫውቺው፤ ያቺን ቦታ እንዳይነካብን።»

ቁንጫ እየሳቀች ሄደች። ግንበኛው መሰላል ላይ ቆሞ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል።

«ምን ጠፋብህ?»

«የሚያመውን ቦታ እየፈለግኩ ነው። ዓይን ይሸወዳል፣ መዳፍ ግን አይሸወድም።»

«ወይ መታደል! እኔን እንኳ እንዲህ የት ያምሻል ያለኝ የለም።»

ግንበኛው ከመሰላሉ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

በማግስቱ ፎጣዬን ረስቻለሁ ብላ መጣች። በሦስተኛው ቀን ሰበብም አልፈለገች። የግድግዳውን ቀጥ ማለት የሚለካበትን ውሃ ልክ ታቀብለዋለች፤ እሱ ደግሞ አሸዋ ተሸክማ ስላሳደገችው እናቱ ያወራላታል። ሲስቅ ቅንድቡ ላይ ያለው የሲሚንቶ ብናኝ ይረግፋል። ቁንጫ ይህን ለማየት ብላ ቀልድ አጠራቅማ መምጣት ጀመረች። ወዳዋለች፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ እሱ ከመሰላሉ ጀርባ ቁጭ ብሎ ዳቦ ሲቆርስ፣ ቁንጫም እያጫወተችው ሳለ፣ አምበሏ ዘው ብላ ገባች። አላየችውም።

«ቁንጫ! ግንበኛውን አባበልሽው ወይስ ገና ነሽ?»

ዳቦው እጁ ላይ ቀረ። አምበሏ ስታየው ደንግጣ ወጣች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ለዚህ ነው የመጣሽው?»

መዋሸት ፈለገች፤ አልሆነላትም። «መጀመሪያ ለዚህ ነበር።»

«አሁንስ?»

አሁን ብትናገር ማን ያምናታል? እሱ ግን መልሷን ሳይጠብቅ እጁን አራግፎ ተነሳ።

«ግድ የለም። ሥራዬን ልጨርስ።»

በማግስቱ ጠዋት ራኬቷን ይዛ ገባች። ጀርባውን ሰጥቷት ልስን ያቦካል። ምንም ሳትል ኳሷን ወደ ግራው ግድግዳ ላከች፤ ነጥራ ተመለሰች። ደገመች፤ ተመለሰች። በሦስተኛው ግን ኳሷ ድምፅ ሳታሰማ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ግንበኛው ሳይወድ በግዱ ዞረ።

«እዚህ ጋ ነው» አለች ቦታዋን በራኬቷ እያመለከተች። «እስካሁን አላገኘኸውም።»

ተጠግቶ በጣቱ አንጓ አንኳኳው። ባዶ ጮኸ።

«ቡድንሽስ?»

«ከሰባቱ አራቱን ያሸነፍነው እዚህ ነው። ያሸነፈው ግድግዳው ነው ብትለኝ መልስ የለኝም። እኔ ደግሞ ቀና ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ።»

ግንበኛው መዶሻውን አነሳና የለቀቀውን ልስን ያራግፍ ጀመር።

አምበሏ አኮረፈቻት። «ለአንድ ወንድ ብለሽ!»

«ለአንድ ግድግዳ ብዬ ነው» አለች ቁንጫ። ግማሹ እውነት ነበር።

የፍጻሜው ቀን ሁለት ለሁለት ሆኑና ተራው የቁንጫ ደረሰ። አራት ዙር ተጫውተው እኩል ናቸው። በአምስተኛው ቁንጫ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀራት፤ ጉልበቷ ግን አልቋል። ተጋጣሚዋ በሙሉ ኃይሏ መታች። ኳሷ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ነክታ በግራው ግድግዳ ላይ፣ ልክ ያቺ ቦታ ላይ አረፈች።

ድሮ ቢሆን እዚያው ትሞት ነበር። ነጥቡም የተጋጣሚዋ ይሆን ነበር። አሁን ግን ኳሷ ደህና አድርጋ ነጠረች። ቁንጫ ተወርውራ ደረሰችባትና በስሱ ነክታ ከፊት ጥግ ጣለቻት። ተጋጣሚዋ አልደረሰችም።

አዳራሹ በጩኸት ተደበላለቀ። ስምንት ጨዋታ፣ ስምንት ድል! አምበሏ ኩርፊያዋን ረስታ አቅፋ አነሳቻት። ቁንጫ በኩራት አለቀሰች፤ እንባዋን ለመደበቅም አልሞከረች።

ሰዉ ሲበተን፣ አንዲት ወይዘሮ መጫወቻው ውስጥ ቆመው የግራውን ግድግዳ በመዳፋቸው ሲዳብሱ ቁንጫ አየች። አጠገባቸው ግንበኛው ቆሟል።

«አንተ ነህ የሠራኸው?» አሉ ወይዘሮዋ፤ እናቱ ናቸው።

«ቦታውን ያሳየችኝ እሷ ናት።»

ቁንጫ ላቧን ሳትጠርግ ቀረበች። «ያን ቀን ‹አሁንስ?› ብለኸኝ ነበር፤ ሳልመልስልህ ቀረሁ።»

«መልሰሽልኛል» አለ፤ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ። «ከዚያ ወዲያ ሌላ መልስ አልጠበቅኩም። አንቺን ነው የጠበቅኩት።»

ቁንጫ፣ ያቺ አፏ ማር የተባለላት፣ የምትለው ጠፋት። እናቱ ግን ከእግሯ እስከ ራሷ አይተዋት ሲያበቁ እጃቸውን ዘረጉ።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ነይ ሳሚኝ እንጂ፣ ልጄ!»