ፊደል ያልበራበት ዳሽቦርድ

ኤሊየሰር ቡይትራጎ በገዛ መኪናው ኋላና በጎረቤቱ የድንጋይ ግንብ መካከል ተጨፍልቆ ሞቶ ሲገኝ፣ የተራራማዋ ከተማ የማኒሳሌስ ጉም ገና ከአቀበቱ አልተነሣም ነበር። መርማሪ ፋቢዮላ አሬናስ ስትደርስ አስከሬኑ ተሸፍኗል። ሞተሩ ግን አሁንም ይንተከተካል፤ እጁን ሰዶ ሊያጠፋው የደፈረ ሰው አልነበረም።

በሩን ከፍታ ጎንበስ አለች። ማርሹ ማቆሚያው ላይ፣ «ፒ» ላይ ነው። የእጅ ፍሬኑ አልተያዘም። ዳሽቦርዱን ለጥቂት ጊዜ አተኩራ አየችውና ሞተሩን አጠፋች።

«ይሄ መኪና ርጉም ነው» አለች የሟች ሚስት ኑቢያ ከበረንዳው ሆና። «አምና ሉሴሊን በላ። ዛሬ ደግሞ እሱን።»

ሉሴሊ የሟች ወንድም የሮሄሊዮ አንድ ልጅ ነበረች። አጎቷ ኤሊየሰር ሲነዳው ይኸው መኪና ከምሰሶ ጋር ተላትሞ ሞተች። ኤሊየሰር ፍርድ ቤት ቀርቦ «ጉም ነበር፤ በሰዓት በአርባ ኪሎ ሜትር ነበር የምነዳው» አለና በነጻ ተለቀቀ። ሸራ ለብሶ የከረመውን መኪና ያስጠገነው ሊሸጠው አስቦ ነው።

ሮሄሊዮ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል ቀብሯል።

«ከሾፌሩ በር አጠገብ ቆሜ ነበር» አላት። «እሱ የድንች ጆንያ ሊያወርድ ወደ ኋላ ዞረ። ዳሽቦርዱ ላይ ‹ፒ› አረንጓዴ በርታለች፣ በዓይኔ አይቻታለሁ። ከዚያ መኪናው ዝም ብሎ ቁልቁል ተንሸራተተ። ያንን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዊልማርን ይጠይቁት! የዳሽቦርዱን ጌጅ ከነካካው ወዲህ ካምቢዮው፣ ማርሽ የሚቀይረው ሳጥን፣ አብዷል።»

«ሌላ ሰው በሩ ጋ ነበር?»

«ከእኔ በቀር ማንም።»

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ዊልማርን ጋራዡ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አገኘችው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ አይደል?» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«መጀመሪያ ምን እንደሠራህ ንገረኝ።»

«አሮጌው ጌጅ ሞቶ ነበር። ከሌላ መኪና የወጣ ገጠምኩለት። ግን ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ገና አላስተዋወቅኩትም። ካምቢዮው ካላወቀው ይፈራል፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ‹መልሰህ አምጣው፣ እስከዚያ አትንዳው› ብዬው ነበር፣ እሺ አላለኝም። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር መኪናው ሲንሸራተት ይታየኛል።»

«አሮጌው ጌጅስ የት አለ?»

ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጣት። ፋቢዮላ መስታወቱን በመሀረብ ጠረገችና ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አየችው።

«ይህን ሌላ ያየ አለ?»

«ዶን ሮሄሊዮ። አምፖል ሊገዛ መጥቶ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አገኘው። ብዙ ቆሞ አየው። የማን ነው ሲለኝ ነገርኩት።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መኪናው ከግንቡ ተላቅቆ ዳገቱ ላይ፣ ፊቱ ሽቅብ ሆኖ ቆሟል።

«ማርሹን ‹ፒ› ላይ አድርግና የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ» አለችው ዊልማርን። ሁለት ፖሊሶች ከፊት ሆነው ቁልቁል ገፉት። ንቅንቅ አላለም።

«‹ፒ› ላይ ሲሆን ካምቢዮው ውስጥ የብረት ጥርስ ገብቶ ይቆልፈዋል» አለች ፋቢዮላ። «ጥርሱን የሚያስገባው የማርሹ ዘንግ ነው። ጌጁ ተነቅሎ ቢጣል እንኳ ይይዛል። አሁን እንዳያችሁት ጥርሱ ደህና ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሰው ማርሹን ነጻው ቦታ፣ ኒውትራል ላይ አድርጎ ፍሬኑን ለቀቀ። ኤሊየሰር ሲጨፈለቅ መልሶ ‹ፒ› ላይ ከተተው።»

«እኔ ‹ፒ› በርታ አይቻለሁ ብዬሻለሁ!» ሮሄሊዮ ጮኸ።

«ቁልፉን ክፈተው፣ ዊልማር።»

የዳሽቦርዱ ጠቋሚዎች ሁሉ ባንድነት ተነሡና ተመልሰው ወደቁ። ኑቢያ አማተበች። የማርሹ ፊደል ሊበራ የሚገባው ቦታ ግን ጨለማ ነበር።

«ይህ ጌጅ ከካምቢዮው ጋር አይነጋገርም፤ ከተገጠመ ጀምሮ አንድም ፊደል አብርቶ አያውቅም። በሩ ጋ ደግሞ ካንተ በቀር ማንም አልነበረም፤ አንተው ነህ የነገርከኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አምና መኪናው ከምሰሶው ጋር ሲላተም ኤሌክትሪኩ ድንገት ተቋረጠ፣ የአሮጌው ጌጅ የፍጥነት ጠቋሚም ባለበት ደረቀ። ዊልማር ጠረጴዛ ላይ ያየኸው እሱን ነው።»

ሮሄሊዮ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ።

«መቶ አሥር» አለ። «ጠቋሚው መቶ አሥር ላይ ቆሟል። መጥቼ ወንድሜን ጠየቅኩት፣ እዚሁ በመኪናው መስኮት። ‹ያለፈ ነገር ነው፣ ተወው› ብሎኝ ጆንያውን ሊያወርድ ሄደ። እጄ ማርሹ ላይ መሆኑን እንኳ አላወቅኩም።»

«እኔን ብትጠይቀኝ ምናለበት?» አለች ኑቢያ እያለቀሰች። «የዚያን ቀን መኪናው ውስጥ ጎኑ ተቀምጬ አልነበር?»

«ጠይቄሽ ነበር» አላት። «በቀብሯ ዕለት። ‹አላየሁም› አልሽኝ።»

ካቴና ሲመጣለት እጁን ራሱ ዘረጋ። ፋቢዮላ ክንዱን ይዛ ቁልቁለቱን ስትወርድ ኑቢያ አልተከተለቻቸውም። አጠገቧ ለቀረው ለዊልማር፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የዚያን ቀን ሉሴሊ ከኋላ ወንበር ሆና «አጎቴ፣ ቀስ በል እንጂ» እያለች እንደነበር ትነግረው ጀመር።