አራት ብሎን፣ አንድ መፍቻ

«የሮቦት ፊልም እኮ ኮምፒውተር ነው የሚሠራው» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ኮምፒውተር አያልበውም። የኮምፒውተር ብብት አይላጥም፤ ከስድስተኛው ዝላይ በኋላ ጉልበቱን ይዞ ሳጥን ላይ አይቀመጥም። እኛ በሠራነው ፊልም ውስጥ ግድግዳ ጥሶ የሚገባው፣ በሚነድ መኪና ላይ የሚዘለው ያ ግራጫ ሮቦት ሆዱ ውስጥ ሰው ነበረበት። በእርግጠኝነት የምናገረው በየቀኑ ጠዋት የምቆልፍበት እኔ ስለነበርኩ ነው።

የሮቦቱን አካል የሠራሁት እኔ ነኝ። አባቴ ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ እኔም መቀስ መያዝ ከቻልኩበት ቀን ጀምሮ ቆርቆሮ ስቆርጥ ነው ያደግኩት። ዳይሬክተሩ ሠርቼ ያሳየሁትን አንድ የአልሙኒየም ክንድ አይቶ ቀጠረኝ። ሳምንት ሳይሞላኝ በቀረጻው መጋዘን ውስጥ «ሚስማር» የሚል ስም ወጣልኝ። ስሙን ያወጣልኝ ምላሴ እንጂ ሙያዬ አልነበረም።

እሱን ደግሞ «ሽቦ» ይሉት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቢያጥፉት የማይሰበር። ዳንሰኛ ነበር። በፊልሙ ታሪክ አንድ ሰው ሲቆጣ ሮቦት ይሆናል። የሰውየውን ፊት ይዞ የሚተውነው ሁላችንም «ኮከቡ» የምንለው ዝነኛ ተዋናይ ነው። ሮቦት ከሆነ በኋላ ያለውን ሩጫ፣ ውድቀትና ድብድብ ሁሉ የሚሠራው ግን ሽቦ ነው።

መጀመሪያ ቀን ሠላሳ አንድ ቦታ ለካሁት።

«እጅህን ዘርጋ።»

ዘረጋ።

«አሁን አትተንፍስ።»

የደረቱን ልክ ያዝኩ። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ እያለ አናጢው መደርደሪያዬን ሲያነሳብኝ አየሁና ጭቅጭቅ ጀመርኩ። ዞር ስል ሽቦ እጁን እንደዘረጋ ነው፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«ምን ሆንክ?»

በረጅሙ ተነፈሰ። «አትተንፍስ አልሽኝ አይደል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ረስቼህ ነው እኮ።»

«ታስታውሻለሽ ብዬ ነው» አለና ሳቀ።

ያን ሳቅ ንቄ አለፍኩት። ሁሉም ነገር ያን ዕለት ተነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁም እንጂ።

ሮቦቱን ለመሥራት አራት ወር ፈጀብኝ። የሚዘጋው ከጀርባ በአራት ብሎን ነው። የብሎኖቹን ራስ ሦስት ማዕዘን አድርጌ በገዛ እጄ ሞረድኳቸው፤ መፍቻቸው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በገመድ አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ለምን አንድ? ሥራዬን ማንም እንዳይነካካብኝ ነዋ። ኩራት ነበር፤ ኩራት ደግሞ ትርፍ መፍቻ አይሠራም።

ሽቦ ሮቦቱ ውስጥ ሲገባ ድምፁ አይሰማም። ከአካሉ ጋር አብሮ የሚቆለፈው የራስ ቁር በስፖንጅ የታጨቀ ነው፤ በዚያ ላይ አየር የምታስገባለት ትንሽዬ ማራገቢያ ጆሮው ሥር ታጓራለች። ስለዚህ በማንኳኳት ተስማማን። በብረት ጣቱ ደረቱን አንድ ጊዜ ቢመታ «ደህና ነኝ» ነው። ሁለት «ውሃ» ነው። ሦስት «ክፈቺልኝ» ነው።

ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ጣቱ ላይ ነው። ቁጭ ማለት አልችልም፤ ከካሜራው ኋላ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ዳይሬክተሩ «ሚስማር፣ አንድ ቦታ ተተከይ እስቲ» ይለኛል። እንዴት ብዬ ልተከል? አንድ ሰው ቆልፌ መፍቻውን አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ።

አንድ ቀን ከዝላይ በኋላ አራት ጊዜ አንኳኳ። ደንግጬ ሮጥኩ፤ ከፈትኩት።

«አራት ምንድን ነው? አልተስማማንበትም።»

«አሁን እንስማማበት።»

«ምን ይሁን?»

«ምንም። እዚያ መኖርሽን ለማወቅ ነው።»

ገፋ አድርጌ መልሼ ቆለፍኩት።

በቀረጻው በሁለተኛው ወር ወገቡ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አገኘሁ።

«ከስተሃል» አልኩት።

«ልብሱ ነው የሰፋው።»

«አልሙኒየም አይሰፋም።»

«እንግዲያው ልብ ነው የጠበበው።» ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ። እኔ ስፖንጅ ፍለጋ ሄድኩ። ስፖንጁ ግን እጄ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓታችን አንድ ሆነ። የሮቦቱን እግር ሳያወልቅ ሳጥን ላይ ይቀመጣል፤ እኔ አጠገቡ የተጎረበጠ ቆርቆሮ እያቃናሁ እናወራለን። የማወራው እኔ ነኝ፤ ስለ ዳይሬክተሩ፣ ስለ አናጢው፣ ስለ ዓለም ጠቅላላ በደል። እሱ ያዳምጣል። አንዳንዴ ዝም ስል እሱም ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ከወሬዬ ሁሉ ይጣፍጠኝ ጀመር።

ይህን ሁሉ ያበላሸሁት በአንድ ከሰዓት ነው።

የፊልሙን አሠራር የሚያሳይ ዝግጅት የሚቀርጹ ሰዎች መጡ። «ከካሜራ ጀርባ ያለውን እውነት ለተመልካች እናሳያለን» አሉ። ሽቦ ለቀጣዩ ቀረጻ ተቆልፎ ተዘጋጅቷል። እንደ ጌጥ ከኋላ አቆሙት። ከፊቱ ኮከቡ የራስ ቁሩን ትርፍ ቅጂ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወንበር ላይ ተመቻቸ።

«በእርግጥ ከባድ ነው» አለ፣ ያን የታወቀ ፈገግታውን ፈገግ ብሎ። «ሠላሳ ኪሎ ብረት ውስጥ በቀን አሥር ሰዓት። አንዳንዴ መተንፈስ ሁሉ ያቅተኛል። ግን ለጥበብ ሲባል...»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሠላሳ ኪሎ? አሥራ ስምንት ነው፤ እኔው ነኝ የመዘንኩት። ውሸታም እንኳ የሚዋሽበትን ዕቃ አንድ ቀን ማንሳት አለበት።

«አንተ» አልኩ። ሁሉም ዞረ። «አንድ ቀን ገብተህበታል? አንድ ቀን? ላቡን የሚያፈስ ሰው ከኋላህ ቆሟል፤ ዞር ብለህ እንኳ አላየኸውም።»

«ሚስማር፣ ቀረጻ ላይ ነን» አለ ዳይሬክተሩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀረጻ ሳይሆን ሌብነት ነው። የሰው ላብ እየተሰረቀ እርስዎ ያጨበጭባሉ።»

«ውጪልኝ።»

«እወጣለሁ። የእናንተን ውሸት ቆርቆሮ አልብሼ የምኖር መሰላችሁ?»

በሩን እንዳልነበር አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ። አንዱን መንገድ አለፍኩ፣ ሁለተኛውን አለፍኩ። መኪና ጥሩምባ ይነፋብኛል፤ አልሰማም። ልናገረው የሚገባኝና ያልተናገርኩት ሁሉ አሁን ነው የሚመጣልኝ። ብቻዬን እየተሳደብኩ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደረስኩ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡ እናት አዩኝና አዘኑልኝ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ምን ሆንኩ ይላሉ፣ እማማ...» ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

እጄ ብረት ነካ።

ስሮጥ አንድ ጫማዬ የት እንደወለቀ ዛሬም አላውቅም። የማራገቢያዋ ባትሪ አርባ ደቂቃ ነው የሚሠራው። ከወጣሁ ስንት ሆነኝ? ከመውጣቴ በፊትስ ስንት ደቂቃ ቆሞ ነበር?

መጋዘኑ ውስጥ ሁሉም ከብበውታል። ሽቦ መሬት ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ተደግፏል። አናጢው የብረት መቁረጫ ማሽን ይዟል። ዳይሬክተሩ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እንቁረጠው ስንል እጁን እያወናጨፈ ከለከለን» አለኝ። «ምን ላድርግ? ማሽኑን ይገፋል፣ አንገቱን ብንቆርጠውስ?»

ጀርባውን አራት ጊዜ አንኳኳሁ። እዚህ ነኝ።

መልስ የለም።

መጀመሪያውን ብሎን ፈታሁ። ሁለተኛውን ፈታሁ። ሦስተኛው ላይ መፍቻው ከእጄ አምልጦ ወደቀ፤ አነሳሁት። አራተኛውን ፈታሁ። አውጥተን አስተኛነው። ከንፈሩ ደርቋል፤ ልብሱ ግን ከወንዝ የወጣ ይመስላል። ውሃ ሰጠሁት፤ ግማሹ አገጩ ላይ ፈሰሰ።

«ለምን አላስቆረጥካቸውም?» አልኩት።

«አራት ወር የለፋሽበት ነው።»

«ብትሞትስ?»

«ትመለሻለሽ ብዬ ነው።»

ማልቀስ የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው። እሱ ግን አላባበለኝም። ውሃውን ጨርሶ ጠጣና ቀጥ ብሎ አየኝ።

«የተጣላሽው ለማን ነው?»

«ላንተ ነዋ።»

«ለእኔ ስትጣዪ እኔኑ ውስጥ ረሳሽኝ።»

ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ሰው ሰድቦኛል። እንደዚያ ያመመኝ የለም፤ ምክንያቱም ስድብ አልነበረም።

«ስሜ ሲያምረኝ እኔው እጠይቃለሁ» ብሎ ቀጠለ፣ በቀስታ። «ዛሬ ጠዋት ከጋሼ ጋር ተስማምቼ ነበር። ኮከቡ እንዳሻው ያውራ፤ በምትኩ በፊልሙ መጨረሻ ያንቺ ስም ይጻፍ ብዬ። ዝርዝሩ ውስጥ አልነበርሽም።»

ለግማሽ ደቂቃ ያህል አፈርኩ። ከዚያ ተናደድኩ።

«እኔንስ ጠየቅከኝ? የአንተን ላብ ሸጠህ ስሜን ግዛልኝ አልኩህ?»

የውሃውን ዕቃ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አልጠየቅኩሽም» አለ።

ሐኪም ሦስት ቀን ዕረፍት አዘዘለት፤ ቀረጻው ቆመ። ሲወጣ ደህና ዋይ አላለኝም፤ ዞር ብሎ አየኝና ሄደ።

እነዚያን ሦስት ቀናት አባቴ ሱቅ ውስጥ አሳለፍኳቸው። ሮቦቱን ይዤ መጥቼ ነበር። መቀስ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ስልኬን አያለሁ፣ አስቀምጣለሁ። አባቴ አሸንዳ እያጠፈ በመነጽሩ ላይ ያየኛል።

«ምን ያቅበጠብጥሻል?»

ሁሉን ነገርኩት። መዶሻውን አስቀመጠ። ወደ ሮቦቱ ሄዶ ጀርባውን ዳሰሰ፣ ደረቱን ዳሰሰ፣ እጁን አስገብቶ ውስጡን ዳሰሰ።

«ከውስጥ መክፈቻ የት አለ?»

«የለውም አባዬ። ቢኖረው መጋጠሚያው ካሜራ ላይ ይታያል።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ በር ስሠራ ከውጭ ብቻ የሚከፈት የሠራሁት ለዶሮ ቤት ነው» አለና ወደ አሸንዳው ተመለሰ።

ሌላ አልተናገረም። ሌላ አላስፈለገኝም። ደረቱን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩት። በውስጥ በኩል፣ አንድ የብረት ጣቱን በስንጥቁ አስገብቶ የሚገፋው መቀርቀሪያ ገጠምኩለት። ስንጥቁ ከአንገት እስከ እምብርት ወርዶ ይታያል፤ በቀለምም በሞረድም አልጠፋ አለኝ። ተውኩት።

በአራተኛው ቀን ሽቦ ሲገባ በሩ ላይ ጠበቅኩት። ሌሊቱን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሲያየኝ ጠፋብኝ።

«አሁን ከውስጥ ይከፈታል» አልኩት። «ያለእኔ መውጣት ትችላለህ። ግን ስንጥቁ ይታያል፤ ጋሼ ይጮኻል። ልከራከርልህ?»

ቅንድቡን አነሳ። «ጠየቅሽኝ?»

«ጠየቅኩህ።»

«ለስሜስ?»

«እሱንም እየጠየቅኩህ ነው። አትፈልግም ካልከኝ አፌን እይዛለሁ።»

«አንቺ አፍሽን ልትይዢ?»

«በሁለት እጄ።»

ሳቀ። ያን መጀመሪያ ቀን የናቅኩትን ሳቅ። «አብረን እንግባ» አለ። «እኔም ያንቺን እጠይቅሻለሁ፤ ስምሽ እንዲጻፍ ትፈልጊያለሽ?»

«እንዴት አልፈልግም? እየፈለግኩ ነው የሞትኩት።»

አብረን ገባን። ዳይሬክተሩ ስንጥቁን አይቶ ጮኸ። እኔ ጮኽኩ። ሽቦ አልጮኸም፤ «ጋሼ፣ ያለዚህ መቀርቀሪያ አልገባም» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የእኔ የሦስት ወር ጩኸት ያላደረገውን ያቺ ወንበር አደረገችው። ዳይሬክተሩ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሽቶ «ጠባሳ ነው እንላለን» አለ። «ሮቦቱ ከድብድቡ ያገኘው ጠባሳ። ስማችሁንም አጽፋለሁ። አሁን ከፊቴ ጥፉ።»

የኮከቡ ቃለ መጠይቅ ግን ያኔ ተላልፎ ነበር። ዛሬም በየስልኩ ይዞራል፤ ሠላሳ ኪሎ፣ አሥር ሰዓት፣ ለጥበብ ሲባል። ዛሬም ሳየው ደሜ ይፈላል። ስማችን በፊልሙ መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን ያልፋል፤ ሰው ለመውጣት ኮቱን ሲያነሳ። ዓይን ካልጨፈኑ ይታያል።

የመጨረሻው ቀን የመጨረሻው ቀረጻ ሮቦቱ ብቻውን በፍርስራሽ መሃል የሚሄድበት ነው። ሽቦ ሄደ። ዳይሬክተሩ «በቃ» አለ፤ ሁሉም አጨበጨበ፤ መብራቱ አንድ በአንድ ጠፋ። ሰዎች ተቃቅፈው ተሳሳሙ፤ ዕቃ መሸካከፍ ጀመሩ። እሱ እዚያው ፍርስራሹ መሃል ቆሞ ቀረ።

ሄድኩና ፊቱ ቆምኩ። የብረት ጣቱ መቀርቀሪያው ካለበት ቦታ አንድ ስንዝር አይርቅም።

ደረቱን ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

«ከውስጥ ይከፈታል እኮ» አልኩት ጮክ ብዬ። «አንድ ጣት ነው የሚፈልገው።»

እንደገና ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

ወደ ጀርባው ዞርኩ። ገመዱን ከአንገቴ አወለቅኩ። አራቱን ብሎኖች፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልቸኩል ፈታኋቸው።