ያልሮጥኳቸው ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትሮች

ሊፍቱን የሰደብኩት በሰው ሁሉ ፊት ነው፤ አልጸጸትም። ያንን እሑድ ባስታወስኩት ቁጥር አሁንም ደሜ ይፈላል። ካልኩት ውስጥ የምመልሰው ቃል ቢኖር «ሌባ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ሊፍቱ ስሙ አይደለም። የፎቅ ሊፍት ጠጋኝ ስለሆነ የሩጫ ጓደኞቻችን ያወጡለት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሊፍት ሲጠግን ይውልና እሱ ራሱ አሥረኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ይወጣል። ለምን ሲሉት «ውስጡን ስለማውቀው» ይላል። እኔ መነጽር ቤት ሌንስ እየሞረድኩ ከፍሬም ጋር ስለምገጥም «መነጽሯ» ነኝ።

ሯጮች አይደለንም፤ የሚሮጡ ሰዎች ነን። አሥራ ሁለት ነን። ወሩ ሲገባ እያንዳንዳችን በወሩ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምንሮጥ እንናገራለን፤ ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር ደግሞ ከምንገናኝበት ሜዳ በር አጠገብ ባለው የጫማ ሱቅ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ነጭ ሰሌዳ ይጽፈዋል። በመጨረሻው እሑድ ጠዋት፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከእጅ ሰዓታችን ወደ ስልኩ የገባውን ድምር እያነበበ ከጎኑ ያሰፍራል። ሕጋችን አጭር ነው፦ የእግር ጉዞ አይቆጠርም፣ ምክንያትም አይቆጠርም።

ከሊፍቱ ጋር የተገናኘነው ቡድኑን በተቀላቀልኩበት ቀን ነው። አስም አለብኝ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሞላ ደረቴ ተዘጋና አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ወዲያው ከበቡኝ። አንዱ ጀርባዬን ይደበድባል፣ አንዷ ታራግብልኛለች፣ አንዱ ታክሲ ልጥራ ይላል። እሱ ብቻ ራቅ ብሎ ውሃውን እየጠጣ ቆመ። በአፍ የሚነፋውን መድኃኒቴን ወስጄ ትንፋሼ ሲመለስ ቀና ብዬ አየሁት።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

«ጨረስኩ።»

«እንቀጥላ።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። እንደዚያን ቀን ያከበረኝ ሰው አልነበረም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እትዬ ከአንጀቷ ትወደኛለች፤ ስትወድ ግን ምንም ነገር አታስነካኝም። እስከ አሥረኛ ክፍል ቦርሳዬን ተሸክማ ትምህርት ቤት ታደርሰኝ ነበር። የስፖርት አስተማሪዎቹን አንድ በአንድ እየሄደች ስለለመነችልኝ ሪፖርት ካርዴ ላይ የስፖርት ነጥቤ ሁልጊዜ መቶ ነበር። አንድም ቀን ሮጬ አላውቅም። ሌሎቹ ላባቸውን አፍስሰው ሰባ ሲያገኙ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ መቶ አገኛለሁ። ይስቁብኝ ነበር፤ መሳቃቸው ደግሞ ልክ ነበር።

ሰሌዳው ላይ መቶ ያስጻፍኩት ለዚህ ነው። ለሊፍቱ ግን አልነገርኩትም። በእንዲህ ያለ መቶ ማን ይኮራል?

ሦስት ወር እሑድ እሑድ አብረን ሮጥን። ለእኔ ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ወደ ኋላ ስቀር ደግሞ እየጠበቀኝ መሆኑ እንዳይታወቅበት ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። የታሰረ ጫማ ስንት ጊዜ ይታሰራል? አውቄበት ዝም እለው ነበር፤ እሱም ማወቄን አውቆ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ብዙ ነገር አለፈ።

አንድ እሑድ እንደለመደው ጎንበስ ብሎ «እህትሽን መቼ ነው የማገኛት?» አለኝ።

«ምን ልትላት?»

«እህትሽን ስጪኝ ልላት ነዋ።»

ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። ጆሮዬ ድረስ ሲግለኝ ይሰማኛል።

«መቶ በሞላሁበት ወር እወስድሃለሁ» አልኩት። «እትዬ ፊት በእግሬ ቆሜ ነው ላስተዋውቅህ የምፈልገው።»

«መቶ ምን አላት» አለ።

ለእሱ ምንም የላትም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ከሁለት መቶ ወርዶ የማያውቅ ሰው ነው።

በዚያ ወር ሰባ ሰባት ላይ ስደርስ ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋን ለሌላው ሰው ጉንፋን ነው፤ ለእኔ የአንድ ሳምንት እስር ነው። የእጅ ሰዓቴ ማሰሪያም በዚያው ሰሞን ተበጠሰና ትንንሽ መፍቻዎች ስላሉት ለሊፍቱ ሰጠሁት። «ይሄ ወር አልሆነልኝም፣ በሰባ ሰባት እዘጋለሁ» አልኩት። «እሺ» አለ። ልብ በሉልኝ፣ እሺ ነው ያለኝ። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ አዲስ ማሰሪያ አድርጎ መለሰልኝ።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ መምህሩ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ እያነበበ ተራዬ ደረሰ።

«መነጽሯ፣ መቶ።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ከአሥራ ሁለታችን አንዷ የሆነችው ፋርማሲስት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈገግ አልኩ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከነገሩ ሁሉ ይቅር ማለት ያቃተኝ ያቺን ፈገግታ ነው።

ከዚያ ስልኬን ከፈትኩ። ሰባት፣ ስምንት፣ ስምንት። ሦስቱም ንጋት ላይ፣ እኔ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ በምስልበት ሰዓት። የመጨረሻው የውሃ ማጠራቀሚያውን ዳገት የሚወጣ ነው፤ አንዱ ኪሎ ሜትር በአምስት ደቂቃ። እኔ ሜዳ ላይ እንኳ ከሰባት ደቂቃ በታች ሮጬ አላውቅም።

ቀና ስል ሊፍቱ እያየኝ ነው። ያመጣው ስጦታ ሲከፈት እንደሚያይ ሰው ፊቱ በርቷል። ያ ፊት ነው ያሳበደኝ።

የሰሌዳ መጥረጊያውን ጨርቅ ከመምህሩ እጅ ነጥቄ መቶውን አጠፋሁትና ሰባ ሰባት ብዬ ጻፍኩ።

«ሃያ ሦስቱን የሮጠው እሱ ነው» አልኩ። «ጠግንልኝ ብዬ የሰጠሁትን ሰዓት አስሮ ሮጠበት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ሌባ ነህ። የሰው ላብ የምትሰርቅ ሌባ።»

ከኋላ አንዱ «ሊፍቱ ሊፍት ሰጣት በሉኛ» አለና ሳቁ። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጥያቸው ወጣሁ።

ሊፍቱ መኪና ማቆሚያው ጋ ደረሰብኝ።

«ምን አጠፋሁ? ባትታመሚ ትሞይው ነበር እኮ። ሃያ ሦስት ምን አላት?»

«የእኔ አይደለችም። ሌላ ምንም የላትም።»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ነው፣ ወይስ እህቴ ቤት ቶሎ ለመግባት?»

የታሰረ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ያም አናደደኝ፤ ቢዋሸኝ ይሻል ነበር።

«ለሁለቱም» አለ ቀና ብሎ።

«እንግዲያው ስማኝ። ትምህርት ቤት እያለሁ የስፖርት ነጥቤ መቶ ነበር። ሮጬ አይደለም፣ እህቴ ለምናልኝ ነው። ከሚለምንልኝ፣ ከሚሸከምልኝ፣ ቢችል ከሚተነፍስልኝ ሰው ሸሽቼ ነው እዚህ የመጣሁት። አንተን የወደድኩህ ያን ቀን አጥሩ ጋ ቆመህ ውሃህን ስለጠጣህ ነው። ስላደረግክልኝ ነገር አይደለም።»

«ወደድኩህ አልሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ድሮ» አልኩትና ሄድኩ።

ማክሰኞ ፋርማሲስቷ የሰሌዳውን ፎቶ ላከችልኝ። ከእኔ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ «ሊፍቱ፣ 177» ይላል። ከሥራ በፊት ያለው ንጋት አንድ ነውና ለእኔ የሮጠው ከራሱ ጎድሏል። «ምን ያህል እንደሚወድሽ አየሽ?» ብላ ጽፋለች። ባሰብኝ። አሥራ አራት ወር የገነባውን አፍርሶ እኔን ባለ ዕዳ ሊያደርገኝ? ማን ለምኖት? ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ አንድ ሌንስ ከልክ በላይ ሞርጄ አበላሸሁ።

በሳምንቱ ሊፍቱ መነጽር ቤታችን መጣና የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሌንስ መሞረጃ ማሽኑን አላጠፋሁም።

«ለቡድኑ ተናግሬያለሁ» አለ በጩኸቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ አንቺ እንዳልነበርሽበት።»

«እኔ የነገርኳቸውን ነው የነገርካቸው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? የምትዪኝን አደርጋለሁ፣ አንድ ነገር በዪኝ።»

ማሽኑን አጠፋሁት።

«በሽታህ እኮ እሱ ነው። ምንም አለማድረግ ትችላለህ? ሲያቅተኝ እያየህ እጅህን ሰብስበህ መቀመጥ ትችላለህ?»

እጁን አየሁት። የማሽን ቅባት ከጥፍሩ ሥር የማይለቅ እጅ ነው። ይህን ሁሉ እያልኩት በጣቱ የወንበሩን የላላ ብሎን ያጠብቃል።

«ተዋት» አልኩት።

ደንግጦ ተዋት። «አላውቅም» አለ። «ሞክሬው አላውቅም።»

እውነቱን መናገሩ ትንሽ አበረደኝ። በጣም ትንሽ።

በአዲሱ ወር እንደገና መቶ አስጻፍኩ። እሑድ ሲመጣ እሱም ይመጣል፤ ከጎኔ ይሮጣል፣ አላናግረውም። ዳገት ላይ እጁ ልትገፋኝ ወደ ጀርባዬ ስትመጣ ገላመጥ ሳደርገው ይሰበስባታል። እየተናደዱም መሮጥ ይቻላል፤ እንዲያውም ያፈጥናል። ከሦስተኛው እሑድ በኋላ መገላመጥ ተውኩ፤ እጁ መምጣት ትታ ነበር።

የመጨረሻው እሑድ ሲነጋ ሰማንያ ስምንት ላይ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ቀረኝ። ሜዳው በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል።

«አልጠራሁህም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለና ተከተለኝ።

ስምንቱን በደህና ሮጥኩ። ዘጠና ስድስት ሲሞላ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ፣ ደረቴ ተዘጋ። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ሁለት እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። መድኃኒቱን ሳብኩ፣ ጠበቅኩ፣ ደገምኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ ለሦስት ሃያ ጉዳይ ነው። አራት ኪሎ ሜትር፣ ሃያ ደቂቃ። ለእኔ የማይሆን ነው፣ ለእሱ ልክ ነው። ዓይኔን ቀና ሳደርግ እሱም ሰዓቴን ያያል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ጊዜ እጁን ቢዘረጋ ሰዓቱን ፈትቼ እሰጠው ነበር። ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ ቁጣ፣ ሁሉም ቀርቶ እሰጠው ነበር። ተዋርጄ መቶ መባል አማረኝ።

ሊፍቱ ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር ከተተና ተቀመጠባቸው። ከንፈሩን ነክሷል። ፊቱ ላይ የሚታየው ሕመም ከእኔ ደረት የባሰ ነበር። እንደዚያ ሆኖ ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ጠበቀኝ።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

«ጨረስኩ።»

«እንሂዳ።»

በእግራችን ተመለስን። የእግር ጉዞ አይቆጠርም።

«ዘጠና ስድስት» ብሎ አነበበ መምህሩ፤ ማርከሩን ግን ሰሌዳው ላይ ማሳረፍ አቃተው። አተነፋፈሴን ሁሉም ሰምቷል።

«አራቷን ሙሉላት እንጂ፣ ማን ይጠይቃል?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ማጠጋጋት በሒሳብም የተፈቀደ ነው» አለ መምህሩ። ወደ ሊፍቱ ዞረ። «አንተ አብረሃት ነበርክ። ምን ትላለህ?»

መቶ ከሆነ እትዬ ጋ እንደምወስደው ያውቃል። ተነሳ፤ ማርከሩን ተቀብሎ፣ ከሁሉም ቁጥር አተልቆ 96 ብሎ ጻፈና ማርከሩን መለሰለት።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ?» አለችው ፋርማሲስቷ።

ተናድጄ ነበር። በሳንባዬ፣ በአራቷ ኪሎ ሜትር፣ ሊያባብሉኝ በፈለጉት ሁሉ። በእሱ ላይ ግን አልተናደድኩም። ንዴቱን ፈልጌ አጣሁት።

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት» አልኩት በሰው ሁሉ ፊት። «እትዬ ጋ እንሄዳለን። እንዳታረፍድ።»

«መቶ አልሞላሽም እኮ።»

«አየሁት፤ አንተ ነህ የጻፍከው።»

እትዬ ቅዳሜ ገና ሳንቀመጥ እጄን ይዛ «እህቴ፣ ያልሽኝን መቶ ሮጥሽ አይደል?» አለች።

«ዘጠና ስድስት ነው፣ እትዬ» አለ ሊፍቱ።

ፊቷ ጠቆረ። ትንሽ ቆይታ ወደ ማድ ቤት ጎተተችኝ።

«ይሄ ሰው እውነት ይወድሻል?»

«ይወደኛል።»

«ታዲያ አራቷን ቢጨምርልሽ ምን ነበረበት?»

«ስለሚወደኝ ነዋ» አልኳት። አልገባትም። እስከ ሠርጋችንም አልገባትም፤ መቶውን የሞላሁት ደግሞ ከሠርጉ በኋላ ነው።

ልንወጣ ስንል እትዬ እንደ ልማዷ ቦርሳዬን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ሊፍቱ አያት፤ እኔን አየኝ። እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ ጣራውን ማየት ጀመረ።

«እትዬ፣ ቦርሳዬን» አልኳት።

«እስከ ታች ልሸኝሽ ብዬ ነው።»

«ቦርሳዬን ስጪኝ።»

ብዙ ቆይታ ሰጠችኝ። ከባድ ነበር። አምስቱን ፎቅ በደረጃ ተሸክሜው ወረድኩ፤ እሱም ከጎኔ፣ እጆቹን ወደ ኋላ እንዳደረገ።