የታፈነው ቱቦ

ባሏ ቡና መቁያ ማሽኑ ሥር ተደፍቶ ሲገኝ ከበሮው ገና ይሽከረከር ነበር። በወንድሙ ጩኸት ሮጣ ስትገባ የከሰለው ቡና የቃጠሎ ሽታ አስመለሳት። ሐኪሙ «የጋዝ መርዝ ነው» ብሎ ሄደ።

መስኮቱን የዘጋችው እሷ ናት። ሲያስለው ስላደረ ብርድ እንዳይመታው ብላ ነበር።

«ገደልሽው!» አሉ አማቷ ደረታቸውን እየደቁ። «አፍነሽ ገደልሽብኝ!»

እሷም ብትሆን ከራሷ ሌላ የምትጠረጥረው ሰው አልነበራትም።

ከፖሊስ የመጣችው መርማሪ ማንንም ሳታጽናና ማሽኑ ፊት ተንበረከከች።

«ይኼ ማዞሪያ ምንድነው?»

«የአየሩ ነው» አለች ሚስትየው። «ጭሱንና የቡናውን ገለፈት ስቦ በቱቦ ያወጣል። ያኛው የከበሮው ፍጥነት ነው።»

«ሁለቱም መጨረሻ ላይ ናቸው። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚቆላው?»

«ኧረ በጭራሽ! አየሩ ሲበዛ ሙቀቱ ይሸሻል፤ ከበሮው ሲፈጥን ፍሬው ጎኑ ላይ ይለጠፋል። እሱ እኮ ትንሽ ትንሽ እያለ ነበር የሚያዞረው።»

መርማሪዋ የገለፈት ማጠራቀሚያውን ስባ አወጣች። ባዶ ነው። ቀጥላ ጓሮ ወደሚኖረው የሟች ታናሽ ወንድም ዞረች። ቡናው ለገዢዎች ከመሄዱ በፊት ቀምሶ ጥራቱን የሚለየው እሱ ነው።

«መጀመሪያ የገባኸው አንተ ነህ። ምን ሸተተህ?»

«ምን ይሸተኛል? ደስ የሚል የቡና ሽታ ነዋ!»

ሚስትየው ቀና ብላ አየችው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አየሩ እስከ ጥግ ተከፍቷል፤ ገለፈቱ ግን አልተሳበም። ቱቦው ከውጭ ተደፍኖ ነበር ማለት ነው። ሟች ቡናው ሲጨስበት አየሩን ጨመረ፤ እምቢ አለው። ከበሮውን አፈጠነ፤ እምቢ አለው። ጥፋቱን ከገዛ እጁ ሲፈልግ ጋዙ ጣለው። ቱቦው ክፍት ቢሆን በተዘጋ መስኮት ሰው አይሞትም።» ከኪሷ ጥቀርሻ የነካው የሹራብ ክር አወጣች። «ይኼን ያገኘሁት ከቱቦው አፍ ላይ ነው፤ በአንተ በር በኩል። ቡናው ከስሎ ሰው ሲያስመልስ አንተ ደስ የሚል ሽታ ነው አልክ። ማሽተት ያቆምከው መቼ ነው?»

የወንድምየው ፊት አመድ መሰለ።

«ከታመምኩ ወዲህ... ትናንት ‹ሌላ ቀማሽ አመጣለሁ› አለኝ። ቱቦውን በሹራቤ የደፈንኩት፣ ገዢዎቹ ያማረሩት በእኔ ምላስ ሳይሆን በእሱ አቆላል ነው እንዲባል ብዬ ነው። አንዴ እንዲበላሽበት ብቻ! ወንድሜን ልገድል?»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። አማትየው የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀረ።

ሚስትየው ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ተነሳች። እዚህ ቤት ከእንግዲህ ምን አላት? አሮጊቷ ግን የቀሚሷን ጫፍ ጨበጡ።

«አንቺም ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?»

«ገደልሽው» ያሏት ቃል ገና ጆሮዋ ውስጥ ነበር። እጃቸውን ልታላቅቅ ጎንበስ አለች፤ ጣቶቻቸው ይበልጥ ጠበቁ። ቀስ ብላ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።